ልጄ ክርስቲያን ኮሌጅ ሒሳብ ልትማር ነው፤ ሳይንሱ አይጎድልባትም?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ፋሲካ ካለፈ ሳምንቱ ቢሆንም የኔ ድካም ገና አልወጣም። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ነገረ ሥራዋ ሁሉ ሒሳብ ነው። ኮስትኮ ወረፋ ላይ ቆመን እንኳ የትኛው መስመር ቶሎ እንደሚያልቅ ታሰላልኛለች (ብዙ ጊዜ ትሳሳታለች)። አሁን ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል። አንዱ እዚሁ አጠገባችን ያለው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ነው። ሌላው ሚሺገን ያለ ክርስቲያን ኮሌጅ ነው። የሚሺገኑ ደህና ስኮላርሺፕ ስለሰጣት ተደምሮ ተቀንሶ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ሄዳ ካየችው ወዲህ ልቧ እዚያው ቀርቷል። "ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ብቻ ናቸው፤ መምህሩ ስሜን ጠይቆ ቦርድ ላይ አወጣኝ" ትላለች።

ጭንቀቴን ልንገራችሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ሳይንሱን የሚያስተምሩት ከምር ነው ወይስ ለይምሰል? ባለቤቴ "እያዘመሩ ዲግሪ ሊሰጧት ነው" ይላል። ደግሞ እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ ኮሌጁ የፕሮቴስታንት ነው። ልጅቷ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ናት። ሳይንሱም ሃይማኖቷም ሁለቱም ባይሆንላትስ? እስከ ሜይ 1 መወሰን አለብን። የተማረበት ሰው ካለ እውነቱን ይንገረኝ። "ጸልዪበት" ብቻ እንዳትሉኝ፤ እሱንማ እያደረግሁ ነው።


ኢንጅነሩ ከዳላስ

እህቴ፣ ይሄ ምን ያሳስባል? ኮሌጅ ፓርክ ትልቅ ስም ነው፣ ቤቷም ቅርብ ነው። ሥራ ስትፈልግ ቀጣሪው የሚያየው የትምህርት ቤቱን ስም ነው። እኔ ሰው ስቀጥር ያልሰማሁትን ኮሌጅ ሳይ ጉግል ማድረግ አለብኝ፤ ጉግል እስካደርግ ደግሞ ሌላ ሲቪ ከፍቻለሁ። ክርስትናውን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትማር፣ ሒሳቡን ከሰኞ እስከ ዓርብ።


ጠመኔ

እትዬ፣ እኔ እንደዚህ ያለ ኮሌጅ ነው ሒሳብ የተማርኩት። እንደ ልጅዎ ሚድዌስት፣ እንደ ልጅዎ ኦርቶዶክስ ሆኜ። የማማውም የማመሰግነውም ስላለኝ የኮሌጁን ስም አልጠራም። አሁን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።

ከባለቤትዎ ልጀምር። መዝሙሩ እውነት ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ካልኩለስ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። መምህሩ ገባ፣ ቡናውን አስቀመጠ፣ ከዳዊት አራት መስመር አነበበ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አጠር ያለች ጸሎት አደረገ። እኔ በልቤ "በቃ፣ ገንዘባችን እዚህ ቀለጠ" አልኩ። ከዚያ ጠመኔውን አነሳና የሊሚትን ጥብቅ ትርጉም፣ ኢፕሲሎንና ዴልታ በሚባሉት ሁለት የግሪክ ፊደላት ጻፈ። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ እሷኑ ስንፈጭ ዋልን። በመጀመሪያው ፈተና 61 አመጣሁ። ወረቀቴ ግርጌ ላይ ጥቅስ ይኖራል ብዬ ስጠብቅ "ዴልታህ ከኢፕሲሎንህ ቀድሞ መጣ፤ ቢሮዬ ና" የሚል በቀይ ተጽፎበታል። ሄድኩ። ለምን ኢፕሲሎን መቅደም እንዳለበት እስኪገባኝ ድረስ ምሳውን ትቶ አስረዳኝ። ዛሬ ተማሪዎቼ ያንኑ ስሕተት ሲሠሩ ያንኑ ቃል ነው የምጽፍላቸው።

ሒሳቡ ያው ሒሳብ ነው። የፕሮቴስታንት ኢንተግራል የለም።

ጉድለት የለም ማለቴ ግን አይደለም፤ ጉድለቱ ዲፓርትመንቱ ትንሽ መሆኑ ላይ ነው። በኔ ጊዜ ሒሳብ የሚያስተምሩት ስድስት ሰዎች ነበሩ። ከፍ ያሉት ኮርሶች በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚሰጡት። የሪል አናሊሲስ (ካልኩለስን ከመሠረቱ እያረጋገጡ የሚማሩበት ኮርስ) ሁለተኛው ክፍል እኔ አራተኛ ዓመት ስደርስ የተመዘገብነው ሦስት ብቻ ስለሆንን ተሰረዘ። ማስተርስ ስገባ ከትልልቅ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ልጆች ሜዠር ቲዮሪን ቀድመው ቀማምሰውታል። እኔ የዚያን ትምህርት መሥራች የሌቤግን ስም ከነአነባበቡ እዚያ ነው የሰማሁት። የመጀመሪያው ሴሚስተር አስለቅሶኛል፤ ስልክ ላይ ለእናቴ "ብርድ ነው" እያልኩ።

በሌላ በኩል ደግሞ ቶፖሎጂን የተማርኩት ከአንድ መምህር ጋር ብቻዬን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቢሮው ውስጥ፣ እኔ ቦርዱ ጋ ቆሜ እሱ ተቀምጦ። ያልገባህን እንደገባህ አስመስለህ የምታልፍበት የኋላ ወንበር የለም። ኢንጅነሩ ወንድሜ፣ ያንን ደግሞ ሁለት መቶ ሰው የሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ አታገኘውም።

ፑትናም የሚባል የሒሳብ ውድድር አለ። በዲሴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል፣ ከሰዓት ደግሞ ሦስት ሰዓት ያህል ቁጭ ብለህ 12 ጥያቄ ትሠራለህ፤ የሚታሰበው ከ120 ነው። ብዙ ዓመት ከተፈታኙ ግማሽ ያህሉ 0 ወይም 1 ይዞ ነው የሚወጣው። እኔ 2 አገኘሁ። ለሁለት ነጥብ ዲፓርትመንቱ ኬክ ገዛልኝ! ውጤቱ የመጣው ዐቢይ ጾም ላይ ስለነበር ዓይኔ እያየ ሌሎች በሉት።

አሁን ወደ ሃይማኖቱ። አባቴ መሪጌታ ነው፣ ጎጃም። ሦስተኛ ዓመት ነምበር ቲዮሪ ስንማር መምህራችን "እያንዳንዳችሁ አንድ የቁጥር ነገር ይዛችሁ ቀርባችሁ አስረዱን" አለ። ሌሎቹ ስለ ባንክ ካርድ ቁጥር፣ ስለ ሚስጥራዊ ጽሑፍ አዘጋጁ። እኔ ለአባቴ ደወልኩና ባሕረ ሐሳብ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ፋሲካንና አጽዋማትን የምታወጣበትን ስሌት ይዤ ቀረብኩ።

ዘንድሮን ልውሰድና ላሳይዎት፤ ልጅዎም ትሞክረው። 5500 (ከአዳም እስከ ክርስቶስ የሚቆጠረው ዘመን) ላይ 2018 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። ከሱ አንድ ሲነሣ ወንበር 12። ወንበሩን በ11 አብዝተን በ30 በ30 ስንገድፈው (30 30ውን ጥለን የተረፈውን ስንይዝ) አበቅቴ 12 ይሆናል። በ19 አብዝተን በ30 ስንገድፈው መጥቅዕ 18። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ የሚውለው መስከረም ላይ ስለሆነ መስከረም 18 ነው፤ ዕለቱ እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር) 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 4፣ ባለፈው ሳምንት ያከበርነው ፋሲካ።

ቦርዱ ላይ ብዙ ዓመታትን ደርድሬ ስሠራ አንዲት ልጅ "አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 የሚሆኑት ለምንድን ነው?" አለች። አባቴ ሲያስተምረኝ "30 ካልመጣ ተሳስተሃል" ብሎኛል እንጂ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ልጅቷ ራሷ ተነሥታ ጻፈችው። ወንበሩ ምንም ይሁን ምን፣ አንዴ በ11 አንዴ በ19 ሲባዛ ድምሩ ወንበሩ በ30 የተባዛ ነው፤ በ30 ሲገደፍ ያልቃል። ሁለት መስመር! መምህራችን ሳቀና "የሒሳብ ሊቁ ጋውስ በ1801 ምልክት ያወጣለትን ነገር የናንተ ሰዎች በቃላቸው ሲሠሩት ኖረዋል" አለ። እኔም የዚያን ቀን ነው ነምበር ቲዮሪ የገባኝ፤ በሞዱሎ ሰላሳ መቁጠር ማለት አባቴ "ግደፍ" የሚለው ነገር መሆኑ።

ከዚያ አንዱ "ታዲያ አንተ ዓለም 7500 ዓመቷ ነው ብለህ ታምናለህ ማለት ነው?" አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ኮሌጅ ይህ ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። ግማሹ ልጅ ቤት ውስጥ በወላጆቹ የተማረ ነው፤ ከኋላ ደግሞ 4.5 ቢሊዮን ዓመት የሚቆጥር የጂኦሎጂ ተማሪ ተቀምጧል። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳላውቅ ቦርዱን ሳየው መልሱ እዚያው አለ። ወንበሩን ለማውጣት የሚያስፈልገኝ ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው ነው። 5500 ለ19 ሲካፈል 9 ይተርፋል። ስለዚህ 5500ን አውጥቼ 9 ባስገባ፣ በዘንድሮው ብናየው 2018 ሲደመር 9፣ 2027 ለ19 ሲካፈል ያው 13 ይተርፋል፤ መጥቅዑ ከቦታው አይነቃነቅም። "ሒሳቡ የዓለምን ዕድሜ አልጠየቀኝም፤ እምነቴን ከፈለግህ ቡና ጋብዘኝ" አልኩት። ጋበዘኝ። ሁለታችንም አልተስማማንም፤ ዛሬም ጓደኛዬ ነው።

ማታ ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። ዝም አለ፣ አሰበ፣ "ዘጠኟን አንተ ያዛት፤ እኔ 5500ውን አልለቅም" አለኝ።


ሐረጊቱ

ጠመኔ የተናገረው ለሒሳብ ነው። ባዮሎጂ ሲሆን ሌላ ታሪክ ነው፣ እኔ ልጨምር። እኔ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነኝ፤ የተማርኩበት ኮሌጅ (ስሙ ይቅርብኝ) ምድር ስድስት ሺህ ዓመቷ ነው ብሎ የሚያስተምር ነበር። መምህሮቹ ደጎች ናቸው፣ አናቶሚው አንደኛ ነበር። ግን ዝግመተ ለውጥን ያስተማሩን እንዴት እንደምንከራከረው እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አይደለም። ለኤምካት (ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ስዘጋጅ ያንን ክፍል ከዜሮ ለብቻዬ አነበብኩት፤ ሁለት ወር። ፈተናው የኮሌጄን አቋም አይጠይቅም።

ስለዚህ "ክርስቲያን ኮሌጅ" ብላችሁ አንድ ዕቃ ውስጥ አትክተቱት። ሊበርቲ እና ሴዳርቪል የሚባሉት የፕሮቴስታንት ዩኒቨርሲቲዎች ፍጥረትን ቃል በቃል በስድስት ቀን የሚያስተምሩ ናቸው፤ ይህን ራሳቸውም አይደብቁም። ግራንድ ራፒድስ ያለው ካልቪን፣ ወይም እንደ ጆርጅታውንና ኖትር ዴም ያሉት የካቶሊኮቹ፣ ባዮሎጂና ጂኦሎጂን እንደማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። የልጅሽ ኮሌጅ የትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ነገር አንብቢ፦ የእምነት መግለጫቸውን እና የባዮሎጂ ኮርስ ዝርዝሩን። ልጅሽ ሒሳብ ብትማርም አንድ ሁለት የሳይንስ ኮርስ መውሰዷ አይቀርም፤ ደግሞ በአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜ ሐሳብ ይቀየራል። እኔ ስገባ ሙዚቃ ልማር ነበር።


ዲያቆኑ ከኮሎምበስ

እህታችን፣ እኔ የመጣሁት ስለ ሃይማኖቱ ነው። አትፍሪ፤ ግን ቀላል ነው ብለሽም አትላኪያት። ከፕሮቴስታንት ጋር መማር ለኛ አዲስ አይደለም፣ ከካቶሊክ ጋርም። በ1950 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባላት) ነበሩ፤ ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ሉሲየን ማት። አጎቴ ፊዚክስ የተማረው እዚያ ነው፤ እስኪሞት ድረስ ከቅዳሴ ቀርቶ አያውቅም። ቢግ ባንግ የሚባለውንም ሐሳብ ቀድሞ ያመጣው ዦርዥ ለሜትር የቤልጂግ ካቶሊክ ቄስ ነበር፣ በ1931። ቄስነቱ ሒሳቡን አልከለከለውም።

የሚከብደው ሌላ ነው። ረቡዕና ዓርብ ካፍቴሪያው ውስጥ ምን ትበላለች? የኛ የግቢ ጉባኤ ልጆች የሚነግሩኝ ይህንን ነው። ጾሙን የምትተወው ተሟግታ ተሸንፋ አይደለም፤ ብቻዋን ሰላጣ መብላት ሰልችቷት ነው። ግራንድ ራፒድስም ይሁን ዲትሮይት፣ ቅርቡ ቤተ ክርስቲያን የት እንደሆነ፣ መኪና የሌላት ልጅ እሑድ ማን እንደሚወስዳት፣ ከመሄዷ በፊት ጠይቁ።


ጠመኔ

ዲያቆን፣ ሰላጣውን አስታወስከኝ። እኔ አራት ዓመት የበላሁት ፒናት በተር ነው፤ አሁን ሽታውን አልችልም። ሁለተኛ ዓመት ላይ የካፍቴሪያው ኃላፊ የሆኑትን ሴትዮ ደፍሬ አናገርኳቸው፤ በማግስቱ ረቡዕ ምስር ሠርተው ጠበቁኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ባለመናገሬ ነው የተራብኩት።


የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ባለቤቴ የጠመኔን ጽሑፍ ሁለቴ አነበበው፤ ኬኩ ላይ ሳቀ። አሁን የሚለው "እሺ ያስተምሯት፤ ግን ትንሽነቱን ምን እናድርገው?" ነው። ስንደውልላቸው ምን ብለን እንጠይቅ? እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ ስለ ሒሳብ ትምህርት የማውቀው ነገር የለም።


ጠመኔ

ባለቤትዎ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀዋል። ሆላንድ በምትባል የሚሺገን ከተማ ያለውን ሆፕ ኮሌጅን ያውቁታል? በ1996 በኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘው ሪቻርድ ስሞሊ የጀመረው እዚያ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ወደ ሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ የሚወደው የኬሚስትሪ መምህር ሞተበት፣ ሌላው ጡረታ ወጣ። የትንሽ ዲፓርትመንት ነገር ይሄ ነው። መልካሙም ክፉውም በሁለት ሰው ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ሲደውሉ አድሚሽን ቢሮውን ይተዉት፤ እነሱ ሁሉም መልካም ነው ነው የሚሉት። የሒሳብ ዲፓርትመንቱን ኃላፊ ይጠይቁ። ካታሎግ ላይ የተጻፈውን ኮርስ ሳይሆን ባለፉት አራት ዓመታት በእርግጥ የተሰጠውን ይጠይቁ። አብስትራክት አልጀብራ መቼ ነው የሚሰጠው? ሪል አናሊሲስ አንድ ሴሚስተር ነው ሁለት? ሦስት ተማሪ ብቻ ቢመዘገብ ይሰርዙታል? (ይህን እኔ ባለመጠየቄ ነው ከሌቤግ ጋር የተጣላሁት።) በቅርቡ ከጨረሱት ልጆች ማን የት እንደገባ ይጠይቁ፤ ትንሽ ቦታ ስለሆነ እያንዳንዱን በስም ያውቁታል። "እም..." ካሉ ይጠርጥሩ።

ደግሞ ሰመር ላይ አር.ኢ.ዩ. የሚባል አለ። ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘቡን የሚሰጠው፣ ተማሪው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ብዙውን ጊዜ ስምንት አሥር ሳምንት ምርምር የሚሠራበት ፕሮግራም ነው። ይከፍላሉ። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። ልጅዎ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ታመልክት፤ ከትንሽ ኮሌጅ ለሚመጣ ልጅ ዓይን የሚገልጠው እሱ ነው። እኔ አንዴ ሄጄ የሰው ብዛት አስደንግጦኝ ነበር፤ ቢሆንም ለማስተርስ ደብዳቤ የጻፈልኝ እዚያ ያገኘሁት ሰው ነው።

አክሬዲቴሽኑን (ኮሌጁ እውቅና ያለው መሆኑን) ለደንቡ ያህል ይመልከቱ፤ ሚሺገን ከሆነ ሃየር ለርኒንግ ኮሚሽን የሚል ማየት አለብዎት። የእምነት መግለጫውን መምህራን ብቻ ናቸው የሚፈርሙት ወይስ ተማሪም? እኛ ጋ መምህራን ብቻ ነበሩ። ቻፕል (የኮሌጁ የጸሎት ጉባኤ) ግዴታ ነው? እኛ ጋ ነበር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ጊታሩን ለምጄዋለሁ፤ እዚያ ተቀምጬ ስንት የሒሳብ ጥያቄ እንደፈታሁበት እግዚአብሔር ይወቅ።

ኢንጅነሩ ስለ ስም ያለውም ውሸት አይደለም። ሥራ ስፈልግ ሁለት ሦስት ቦታ "የት ነው ይሄ?" ተብያለሁ። ልጅዎ ቀጥታ ሥራ ከሆነ የምታስበው ኮሌጅ ፓርክ ይሻላታል፤ ፒኤችዲ ከሆነ ሁለቱም መንገድ ይወስዳል፣ የሚሺገኑ ግን አቋራጩን ራሷ መፈለግ አለባት።


ኢንጅነሩ ከዳላስ

አመሰግናለሁ፣ በመጨረሻ አመንክ 😀 ስሞሊም ቢሆን ተዛውሯል፤ እዚህ ላይ ይመዝገብልኝ።


የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

ደወልን። ራሷ ናት የደወለችው፣ እኔ ስፒከር ላይ ሰማሁ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ሴት ናቸው። አብስትራክት አልጀብራ በሁለት ዓመት አንዴ ነው፤ ሪል አናሊሲስ ሁለት ሴሚስተር አለ፣ ሁለተኛው የሚሰጠው ቢያንስ አራት ተማሪ ከተገኘ ነው። ልጄ "ሦስት ብቻ ብንሆንስ?" አለቻቸው። ሴትዮዋ ትንሽ ዝም አሉና "እንግዲያው ቢሮዬ ውስጥ እናደርገዋለን" አሏት። ጠመኔ፣ አንተን አሰብኩህ። ባዮሎጂውንም ጠይቃለች፤ ዝግመተ ለውጥ የሚባል ኮርስ ራሱን ችሎ አላቸው።

ትናንት ማታ ደግሞ ወረቀት ይዛ ጓዳ መጣች። የሚቀጥለውን ዓመት ፋሲካ አስልታ። 5500 እና 2019፣ 7519፤ ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፣ ወንበር 13፣ አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7። መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ ጥቅምት 7 ላይ ነው አለችኝ፤ ቅዳሜ ይውላል፣ ተውሳኩ 8፤ ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24። አባቷ የግድግዳውን ካላንደር ሊያይ ተነሣ፤ የ2019 ገና አልወጣም። ስልኩ ላይ አየ፣ ሜይ 2፣ ትክክል ነው።

ከዚያ የኮሌጁን የትምህርት ካላንደር ከፈተችና "እማ፣ ሕማማቱ የፋይናል ዋዜማ ላይ ነው" አለችኝ። ገና ዓመት አለ። እሷ ግን ስቅለት ቀን ፈተና እንዳይሆንባት ለሴትዮዋ ከአሁኑ ኢሜይል እየጻፈች ነው። ባለቤቴ ምንም አላለም። ዲፖዚት የሚከፈልበትን ድረ ገጽ ግን የከፈተው እሱ ነው።